ኤኤቪ 9 ከአሥር ዲሽ 8×10¹⁰ ብቻ ወጣ፤ ጥፋቱ የት ነው?

ልደታ_ፒፔት ጠየቀች፦

ሰላም ለቤቱ። የማስተርስ ጥናቴ ኤኤቪ 9 የተባለውን የጂን ሕክምና ቬክተር (ጂን ወደ ሴል የሚያደርስ ቫይረስ) በትንሽ መጠን አምርቶ መለካት ነው። ላብራቶሪያችን ልደታ ነው። ሁለት ዙር ሠርቼ ሁለቱንም ጊዜ ከአሥር ዲሽ በድምሩ ወደ 8×10¹⁰ ቬክተር ጂኖም (ቫይረሱ ውስጥ የታሸገ የጂን ቅጂ) ብቻ አገኘሁ። ከአንዱ ዲሽ ብቻ 1×10¹¹ እጠብቅ ነበር።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሴሉ ኤችኢኬ 293ቲ የተባለው የሰው ሴል ነው፤ ፓሴጅ 34 (34 ጊዜ ተከፋፍሎ የተዘራ)። ባለ 15 ሴንቲሜትር ዲሽ ላይ 10 ሚሊዮን ሴል እዘራለሁ፤ በማግስቱ ትራንስፌክሽን (ዲኤንኤ ወደ ሴሉ ማስገባት)። ፕላዝሚዶቹ (ቀለበት ዲኤንኤዎቹ) ሦስት ናቸው፦ የአዴኖቫይረስ ረዳት ጂኖችን የያዘው ሄልፐር 15.4 ኪሎቤዝ፣ የቫይረሱን ጂኖም የሚያባዙና ካፕሲዱን (ቅርፊቱን) የሚሠሩ ጂኖች ያሉት ሬፕ/ካፕ 7.3 ኪሎቤዝ፣ በሁለት አይቲአር (የቫይረሱ ጂኖም ጫፎች) መሀል ሲኤምቪ ፕሮሞተርና አረንጓዴ የሚያበራውን ጂኤፍፒ የያዘው 6.5 ኪሎቤዝ። ለአንድ ዲሽ 40 ማይክሮግራም ዲኤንኤ፣ ሦስቱም በክብደት እኩል። ዲኤንኤውን ወደ ሴል የሚያስገባው ፒኢአይ 120 ማይክሮግራም፤ ከዲኤንኤው ጋር ቀላቅዬ 30 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ፕላዝሚዶቹን ያባዛሁት በዲኤች 5 አልፋ ባክቴሪያ፣ በ37 ዲግሪ ነው፤ የ260/280 ንባባቸው (የንጽሕና መለኪያው) 1.9። የኢንኩቤተሩ ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) 5 በመቶ ላይ ነው።

በ72 ሰዓት ሚዲየሙን ደፍቼ ሴሉን እሰበስባለሁ፤ ሦስት ጊዜ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ፣ ከካፕሲድ ውጭ ያለውን ዲኤንኤ የሚበላው ዲኤንኤዝ 1 ለ15 ደቂቃ፣ ከዚያ ካፕሲዱን በሚፈላ ውኃ ለ10 ደቂቃ ከፍቼ የዲኤንኤ ቅጂ በሚቆጥረው ኪውፒሲአር እለካለሁ። ፕራይመሮቼ (የሚለካውን ቦታ የሚይዙት አጫጭር ዲኤንኤዎች) ጂኤፍፒው ላይ ናቸው፤ ስታንዳርዱ ያው የጂኤፍፒ ፕላዝሚድ ነው።

በማይክሮስኮፕ በ48 ሰዓት አረንጓዴ የሚሆነው ከሴሉ 40 በመቶ ያህል ነው። ሚዲየሙ ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ እንኳ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ይህ ከነገሩ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እንጃ።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ በዚህ መስክ ዶክትሬት መቀጠል እፈልጋለሁ። እዚህ ሆኖ ምን ቢሠራ ነው የሚቆጠረው?


ካፕሲድ60 መለሰ፦

እህቴ፣ ሌላውን ከመነካካትሽ በፊት 8×10¹⁰ የሚለውን ቁጥር ራሱን ጠርጥሪው። ሒሳቡን እንሥራው። 6.5 ኪሎቤዝ ፕላዝሚድ በአንድ ናኖግራም ውስጥ ወደ 1.4×10⁸ ቅጂ አለው። በየዲሹ 13 ማይክሮግራም የጂኤፍፒ ፕላዝሚድ ጨምረሻል፤ በአሥር ዲሽ 130 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከ1.8×10¹³ ቅጂ በላይ። ከዚህ ውስጥ ከሺው አራቱ ብቻ ከዲኤንኤዝ ቢያመልጥ 8×10¹⁰ ሞላ ማለት ነው፤ አንድም ቫይረስ ሳይኖር። ፕራይመርሽ ጂኤፍፒው ላይ ስለሆነ ፕላዝሚዱንና ካፕሲድ ውስጥ የገባውን ጂኖም አይለይም።

የ15 ደቂቃ ዲኤንኤዝ ለዚህ ሁሉ ዲኤንኤ አይበቃም። ሴሉ ሲፈነዳ የራሱ ክሮሞሶም ስለሚወጣ ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ኢንዛይሙ ያንን ሲበላ ይውላል። ቤንዞኔዝ (ሌላ ዲኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም) ካለ በሚሊሊትር 50 ዩኒት፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 2 ሚሊሞላር፣ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት፤ ዝልግልጉ እስኪጠፋ። ከዚያ ለልኬት የምትወስጂውን ናሙና አሥር እጥፍ አቅጥነሽ በዲኤንኤዝ 1 እንደገና አንድ ሰዓት። ጨው የበዛበት ናሙና ላይ ሁለቱም ኢንዛይሞች ይደክማሉ፤ መቅጠኑ አንዱ ጥቅሙ እሱ ነው። ኢንዛይሙን በኢዲቲኤና በ75 ዲግሪ 10 ደቂቃ ካቆምሽ በኋላ ነው ካፕሲዱ የሚከፈተው። ይህን ቅደም ተከተል አታዛቢ፤ ዲኤንኤዙ ሳይሞት ካፕሲድ ከተከፈተ የራስሽን ጂኖም ያበላሻል።

ሁለት ማነጻጸሪያ ያስፈልግሻል። አንደኛው፣ ሬፕ/ካፕ ያልተጨመረበት አንድ ዲሽ፤ የጎደለውን ክብደት በሌላ ባዶ ፕላዝሚድ ሙዪና እስከ መጨረሻው እንደሌሎቹ አድርጊው። እዚያ ላይ የሚነበበው ቁጥር በሙሉ ትርፍራፊ ፕላዝሚድ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ናሙና ላይ፣ ከአይቲአሮቹ ውጭ በፕላዝሚዱ ጀርባ ያለውን የአምፒሲሊን ጂን የሚይዝ ሌላ ጥንድ ፕራይመር። የአምፒሲሊኑ ንባብ ከጂኤፍፒው ጋር ከተቀራረበ ቫይረስ ሳይሆን ፕላዝሚድ ነው የለካሽው።

ስታንዳርዱን ደግሞ በአንድ ቦታ በሚቆርጥ ኢንዛይም ቀጥ አድርጊው። የተጠማዘዘ ቀለበት ፕላዝሚድ በመጀመሪያዎቹ ዑደቶች ላይ ቶሎ አይከፈትም፤ ስታንዳርዱ ሲዘገይ ናሙናሽ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። የስታንዳርድ ኩርባው ቁልቁለት ከ−3.1 እስከ −3.6 ውስጥ ካልሆነ ያን ፕሌት ጣዪው። ማቅጠኛ ፈሳሽሽ ውስጥ 0.001 በመቶ ፕሉሮኒክ ኤፍ-68 ይኑር፤ ኤኤቪ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል፤ በቀጠነ ቁጥር የሚለጠፈው ድርሻ ያድጋል።

አሁን ወደ ምርቱ። ሚዲየሙን ደፋሁ ያልሽው ላይ አዘንኩ። ኤኤቪ 2 ሴሉ ውስጥ ይቀራል፤ ኤኤቪ 9 ግን ብዙው ወደ ሚዲየም ይወጣል። ከፊሉን፣ ምናልባትም የሚበልጠውን፣ ለፍሳሽ ነው የሰጠሽው። ሚዲየሙ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ለማዝቀጥ 2.5 ሞላር ጨው ያለበት 40 በመቶ ፒኢጂ 8000 አዘጋጂ፤ ለአራት እጅ ሚዲየም አንድ እጅ ሲጨመር 8 በመቶ ፒኢጂና 0.5 ሞላር ጨው ይሆናል። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ አሳድሪው፤ በማግስቱ በሴንትሪፉጅ ዝቃጩን አውርደሽ ከሴሉ ጋር ቀላቅዪው። ዝቃጩ ቶሎ አይሟሟም፤ በፒፔት አትደብድቢው፣ በቀዝቃዛ ክፍል ቀስ እያለ ይፈታ።

ስለ ፕላዝሚዶቹ፦ በክብደት እኩል ማለት በቁጥር እኩል ማለት አይደለም። ሄልፐርሽ ትልቅ ስለሆነ በቅጂ ከሌሎቹ ግማሽ በታች ነው። ከ40 ማይክሮግራሙ 21 ለሄልፐር፣ 10 ለሬፕ/ካፕ፣ 9 ለጂኤፍፒው ብታደርጊ በቅጂ እኩል ይመጣሉ። ፒኢአይና ዲኤንኤውን 30 ደቂቃ አታቆዪ፤ ቅንጣቱ እየተለቀ ሄዶ ሴሉ የማይውጠው ይሆናል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ፓሴጅ 34ም ይበዛል። ከ20 በታች ያለ ቫያል ካለ እሱን አውጪና ማይኮፕላዝማ (ሴል የሚበክል ባክቴሪያ) መርምሪ።


አራት_ኪሎ_ከፍታ መለሰ፦

ካፕሲድ60 ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሐምራዊውን ሚዲየም አለፈው። ለእኔ 40 በመቶ አረንጓዴ የሆነው ከዚያ ጋር ነው የሚያያዘው።

ፕሮቶኮሎቹ ሲጻፉ 5 በመቶ ሲኦቱ ያሉት በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የ37 ዲግሪ እንፋሎት 47 ይወስዳል፤ ከቀረው 5 በመቶው ወደ 36 ይሆናል። መሀል አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ ግፊቱ 575 አካባቢ ነው። ያው 5 በመቶ እዚህ 26 ብቻ ይሰጣል። ሚዲየሙ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚወስነው ደግሞ መቶኛው ሳይሆን ግፊቱ ነው። ዲኤምኢኤም በሊትር 3.7 ግራም ባይካርቦኔት አለው፤ ያንን የሚመክት ሲኦቱ ሲያንስ ፒኤቹ በ0.13 ያህል ከፍ ይላል። የሚዲየሙ ቀለም ፊኖል ሬድ ያሳየሽ ይህንኑ ነው። 293ቲ በዚህ አይሞትም፣ ያድጋልም፤ ስለዚህ ሰው ልብ አይለውም። ፒኢአይ ግን ዲኤንኤ የሚሸከመው ፕሮቶን በያዙ ናይትሮጅኖቹ ነው፤ ፒኤች ሲጨምር ቻርጁ ይቀንሳል፣ ቅንጣቱም እርስ በርሱ ይጣበቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሲኦቱውን ወደ 6.7 በመቶ አድርጊው። ሲሊንደሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፍ ይኑርሽ።

ከፍታው ሌላም ቦታ ይነካሻል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው፤ ንፍሮ ከአዳማ ይልቅ አዲስ አበባ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ነው። ‘በሚፈላ ውኃ 10 ደቂቃ’ ሲባል ጸሐፊው 100 ዲግሪ ነው ያሰበው። የኤኤቪ 9 ካፕሲድ በ77 አካባቢ ስለሚፈርስ ተርፈሻል። ነገ ኤኤቪ 5 ብትይዢ ግን የእሱ ወደ 89 ነው፤ በ92 ዲግሪ ውኃ ዳርቻ ላይ ነው የምትሠሪው። ክዳኑ የሚሞቅ ፒሲአር ማሽን ላይ በ95 አድርጊው፤ በፊቱም ፕሮቲን የሚቆርጠው ፕሮቲኔዝ ኬ በ55 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይቅደም።

አውቶክሌቩንም እዪው። በሰዓቱ ላይ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ 121 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ጠለል ነው። እዚህ 15 ፒኤስአይ 117 ዲግሪ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 18.5 ይፈልጋል። ሙቀት የሚለካ ማሽን ከሆነ ችግር የለም፤ በግፊት ብቻ የሚሠራ አሮጌ ከሆነ ግን ቆሻሻውም ጠርሙሱም በደንብ አልጸዳም።


ሴንሰር_ጠጋኝ መለሰ፦

6.7 አድርጊ ከመባሏ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። የኢንፍራሬድ ሴንሰር ያለው ኢንኩቤተር የሚቆጥረው በጨረሩ መንገድ ላይ ያለውን የሲኦቱ ሞለኪውል ብዛት ነው። በባሕር ጠለል ካሊብሬት ተደርጎ መጥቶ ግፊት ካልተስተካከለለት ስክሪኑ ላይ 5 ሲል በእርግጥ ያለው 6.5 ወይም 7 ሊሆን ይችላል፤ በስህተት ትክክል ማለት ነው። እሱ ላይ 6.7 ካስገባች ወደ 9 ትወጣለች። በሙቀት አስተላላፊነት የሚለካው አሮጌው ዓይነት ሌላ ነው፤ እሱ በር ተከፍቶ እርጥበቱ ሲወርድ ይሳሳታል።

ስለዚህ ስክሪኑን ተዪውና ሚዲየሙን ለኪ። ሴል የሌለበት 10 ሚሊሊትር ሚዲየም በክፍት ዲሽ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ፒኤች ሜትሩን 37 ዲግሪ ባለ ባፈር አስተካክለሽ ኢንኩቤተሩ በር ላይ ቆመሽ ወዲያው ለኪ። ሁለት ደቂቃ ከዘገየሽ ሲኦቱው አምልጦ ውሸት ታነቢያለሽ። 7.4 እስከ 7.55 ከሆነ አትንኪው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዱ ኢንኩቤተር ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው 5 ይመልሳል። ጠዋት ጠዋት ማየት ነው።


ስድስት_ኪሎ_ዘረመል መለሰ፦

እኔ ወደ ፕላዝሚዱ ልመለስና ሁለተኛውንም ጥያቄሽን እዚያው ልመልስ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

አይቲአር እያንዳንዱ 145 ኑክሊዮታይድ ነው፤ በራሱ ላይ ታጥፎ የቲ ቅርጽ ይሠራል። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ተመላላሽ ቅደም ተከተል አይወድም፤ ቆርጦ ይጥላል። ዲኤች 5 አልፋ ውስጥ በ37 ዲግሪ ካባዛሽው ከፕላዝሚዱ ከፊሉ አንድ አይቲአር ሳይጎድለው አይቀርም። 260/280 ይህን አያሳይም፤ ጂኤፍፒውም መብራቱን አያቆምም፤ አይቲአር ለጂኤፍፒ መገለጥ አያስፈልግምና።

ምርመራው ስማ-1 በተባለው ኢንዛይም ነው፤ በአይቲአሩ ውስጥ ይቆርጣል። 500 ናኖግራም ፕላዝሚድ፣ 10 ዩኒት፣ በ25 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፤ ልማድ ሆኖ 37 ላይ እንዳታስቀምጪው። አንድ በመቶ ጄል ላይ ሩጪው። ካርታሽ ላይ ሌላ የስማ-1 ቦታ ከሌለ ሁለት ባንድ ነው የምትጠብቂው፤ ከአይቲአር እስከ አይቲአር ያለው ቁራጭና የጀርባው ቁራጭ። በ6.5 ላይ ሦስተኛ ባንድ ከታየ ወይ ቆረጣው አላለቀም ወይ አንዱ አይቲአር ጠፍቷል። ለመለየት ኢንዛይሙን እጥፍ አድርገሽ አራት ሰዓት አቆዪው፤ የ6.5ቱ ባንድ ካልደበዘዘ የጠፋ አይቲአር ነው። ተራ የሳንገር ንባብ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እሱ ላይ ገንዘብ አታጥፊ።

ከዚያ ስቴብል 3 የተባለ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቢ፣ በ30 ዲግሪ አሳድጊ፣ ስድስት ኮሎኒ አንስተሽ ሁሉንም በስማ-1 ፈትሺ፣ ጥሩውን በግሊሰሮል በ−80 አስቀምጪ። ከአሮጌ ግሊሰሮል እየጫርሽ ማባዛት ይቅር፤ የተበላሸው ፕላዝሚድ ቶሎ ስለሚባዛ ጤነኛውን ይውጠዋል።

አሁን ‘አንድ አይቲአር ከጠፋ ጭራሽ ምንም ለምን አይጠፋም?’ ብትዪ መልሱ የመስኩ ታሪክ ውስጥ ነው። ኤኤቪ እ.ኤ.አ. በ1965 የተገኘው የአዴኖቫይረስ ናሙና ውስጥ እንደ ቆሻሻ ተቀላቅሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጁድ ሳሙልስኪ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከኬነዝ በርንስና ከኒኮላስ ሙዚችካ ጋር የኤኤቪ 2ን ጂኖም ፕላዝሚድ ውስጥ አስገባና ሰው ሴል ውስጥ ሲጨመር ሕያው ቫይረስ እንደሚወጣ አሳየ። በዓመቱ ያወጡት ሥራ ደግሞ አንቺን በቀጥታ ይመለከትሻል፤ የአንዱ ጫፍ አይቲአር ቢጎድል ቫይረሱ ከሌላው ጫፍ ገልብጦ ይጠግነዋል። ስለዚህ ምርቱ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም፤ ጥፋቱም ሳይታይ የሚኖረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሺያዎ ሺያዎ፣ ጁዋን ሊ እና ሳሙልስኪ ሕያው አዴኖቫይረስ ሳይጨመር በፕላዝሚድ ብቻ ማምረትን አወጡ፤ ዛሬ የምትጠቀሚበት ሄልፐር ፕላዝሚድ የዚያ ልጅ ነው። የአንቺን ኤኤቪ 9 ጨምሮ ብዙዎቹን አዳዲስ ካፕሲዶች ከዝንጀሮና ከሰው ቲሹ በፒሲአር ያወጣው ጓንግፒንግ ጋኦ ነው፤ በጄምስ ዊልሰን ላብራቶሪ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የአከርካሪ ጡንቻ መድከም ሕክምና ዞልጀንስማ በኤኤቪ 9 ነው፤ መጠኑ በኪሎ ክብደት 1.1×10¹⁴ ቬክተር ጂኖም። ለ5 ኪሎ ሕፃን 5.5×10¹⁴ ማለት ነው። ያንቺን 8×10¹⁰ ከዚያ ጋር አስተያዪውና ማምረትና መለካት ለምን ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ ይገባሻል። ልኬቱ በሦስት እጥፍ አሳንሶ ከተሳሳተ ሕፃኑ ሦስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ሰው መነሻ ፕላዝሚድ መቁረጥና ጄል ማንበብ ነበር። ስለዚህ ለዶክትሬት ማመልከቻ ‘ኤኤቪ አምርቻለሁ’ ከሚለው ይልቅ ሬፕ/ካፕ የሌለበት ማነጻጸሪያ፣ የአምፒሲሊን ንባብ፣ የስማ-1 ጄል ያለበት አንድ ገጽ ይበልጣል። የሚቀበልሽ ላብራቶሪ የሚፈራው ቁጥሯን የማትጠራጠር ተማሪን ነው።

እዚህ ሆነሽ የምትሠሪው ሌላ ነገር ካሰኘሽ፣ በእኔ አስተያየት ከማምረት ይልቅ ፀረ እንግዳ አካል መለካት ያዋጣል። ለኤኤቪ ቀድሞ የተጋለጠ ሰው ሕክምናውን ላይቀበል ይችላል፤ የኤኤቪ 2 ፀረ እንግዳ አካል ስርጭት ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ከሌላው ዓለም ከፍ ብሎ ነው የተለካው። ሥራው ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ሴረሙን በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ፤ ከ1 በ5 ጀምሮ በእጥፍ ማቅጠን፤ ሉሲፈሬዝ (ብርሃን የሚሰጥ ጂን) ከያዘ ኤኤቪ ጋር አንድ ሰዓት በ37 ዲግሪ፤ ከዚያ 293ቲ ላይ፤ በ48 ሰዓት ብርሃኑን ማንበብ። ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንሰው የመጨረሻው ቅጥነት ቲተሩ (የፀረ እንግዳ አካሉ ልክ) ነው። ከ1 በ5 በታች የሆነውን ‘የለም’ ብለሽ ሳይሆን ‘ከመለኪያው በታች’ ብለሽ ጻፊ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቀድሞ ይለቅ፤ ለተሻሻለው ቫይረስም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ንና ማሻሻያውን አንብቢ።


ልደታ_ፒፔት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የለካሁትን ላስቀምጥ። ሌሊቱን ያደረው ሚዲየም ፒኤች 7.68። ሴንሰሩ ሙቀት አስተላላፊው ዓይነት ነው፤ ማኑዋሉ ላይ አየሁት። ስማ-1 ሦስት ባንድ ሰጠ፤ አራት ሰዓት ከእጥፍ ኢንዛይም ጋር ቆይቶም የ6.5ቱ አልደበዘዘም። የድሮው ናሙና ላይ የአምፒሲሊኑ ንባብ ከጂኤፍፒው 70 በመቶ ሆነ። ድራይ አይስ የለንም፤ ማቀዝቀዙን በፈሳሽ ናይትሮጅን ስሠራ ባለ 50 ሚሊሊትር ቱቦ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ። ስቴብል 3 ላይ ዘርቻለሁ። እስኪደርስ ሌላ ምን ላድርግ?


ካፕሲድ60፦

70 በመቶ ከሆነ እውነተኛው ምርትሽ ወደ 2.4×10¹⁰ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ከሴሉ ብቻ። ጥሩ ነው፣ አሁን መነሻ አለሽ።

ናይትሮጅኑን ተዪው። አንድ ቤከር ኤታኖል −80 ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪና ቱቦውን እዚያ ውስጥ አቁሚው፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቱቦውም አይሰነጠቅም። ፕላዝሚዱ እስኪደርስ ሲኦቱውን አስተካክይና ፒኤቹን ድገሚ። ባለ ስድስት ጉድጓድ ፕሌት ላይ ፒኢአዩን ለዲኤንኤው በ2፣ በ3 እና በ4 እጥፍ ሞክሪ፤ በየጉድጓዱ 2.5 ማይክሮግራም ዲኤንኤ በቂ ነው። አረንጓዴው 80 በመቶ ሳይደርስ ትልቁን ዲሽ አትንኪ። ሲደርስም አሥር ሳይሆን ሦስት ዲሽ፤ ሁለቱ ሙሉ፣ አንዱ ሬፕ/ካፕ የሌለበት።